ጋሽ ኮሌታ የሰፋት ቋሊማ

ጋሽ ኮሌታ ሰው ሲያገኝ መጀመሪያ የሚያየው ፊቱን ሳይሆን ኮሌታውን ነው። ኮሌታው የተጨማደደ ሰው ከሱ ዘንድ የሚያገኘው ሰላምታም የተጨማደደ ነው፤ ኮሌታው ቀጥ ያለ እንደሆነ ግን፣ ሰውየው የለየለት ቀጣፊም ቢሆን፣ ወንበር ይሳብለታል። ስሙ የወጣለት በዚህ ነው። እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚያውቁት ልጁና መታወቂያው ብቻ ሲሆኑ፣ መታወቂያው ላይ ያለው ፎቶም ከመደብዘዙ የተነሣ ምስክርነቱ አይታመንም።

ሥራው ልብስ ሰፊነት ነው። ሱቁ ምድር ቤት፣ መኖሪያው ከሱቁ በላይ፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ጠባብ የእንጨት ደረጃ በተረገጠ ቁጥር እንደ ነገረኛ አማት ያጉረመርማል። ከታች፣ ከመስኮቱ ሥር፣ በእግር የሚረገጥ የስፌት መኪናው ቆሟል። መርገጫው ላይ የተቀረጸው አበባ በእግሩ ተፍቆ ተፍቆ፣ ዛሬ የቀረው የአንድ ቅጠል ጥላ ብቻ ነው። ከመኪናው በስተግራ መርፌ መሰኪያው አለ፦ ጭብጥ የምታህል፣ ክብ፣ ሚስቱ ቁርጥራጭ ጨርቅ ጠቅጥቃ የሰፋችለት ትንሽ ትራስ። ጋሽ ኮሌታ ክሩን በጥርሱ በጠስ ያደርግና፣ ሳያይ ሳያስብ፣ መርፌዋን ወደ ግራ ልኮ እስከ አንገቷ ይሰካታል። እጁ ዓይን አያስፈልጋትም፤ ደግሞም የባለቤቷን ፈቃድ ጠይቃ አታውቅም።

ሙያውን ያስተማሩት ሽማግሌ አንድ ሕግ አውርሰውታል፤ መርፌ ቦታዋ ሳትመለስ ሱቅ አይዘጋም። የጠፋች መርፌ መቼም አንድ ሰው ዘንድ ናት፣ ጥያቄው የቱ ጋ እንደገባችበት ነው ይሉ ነበር። ጋሽ ኮሌታ በዕድሜው ያልጣሰው ሕግ ቢኖር ይኸው አንዱ ብቻ ነው።

ሌላው ጠባዩ ማንጎራጎር ነው። ስለ ዓይን፣ ስለ ጨረቃና ስለ መለየት የተዘፈነ ነገር ሁሉ ሆዱን ያባባዋል። መኪናውን እየረገጠ ያዜማል፤ ግጥሙ ሲያልቅበት ከራሱ ይጨምራል። ሚስቱ በሕይወት ሳለች የሚያዜመው ለሷ ነበር። እሷ ከሞተች ወዲህ ዜማው ባለቤት አጥቶ ከረመና፣ ነፍሷ አትቀየምና፣ በመጨረሻ ቋሊማ ላይ አረፈ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሟቿ ወጥ ቤት አታስገባውም ነበር። ለምን እንደሆነ ጎረቤት ሲጠይቃት "እሱ የነካውን ድስት በጥርስ የሚደፍረው የለም" ትልና ወሬውን ትቀይራለች። እንዲህ ሆኖ የኖረ ሰው ብቻውን ሲቀር ኑሮው ዳቦ በሻይ፣ ሻይ በዳቦ ሆነ። የገዛ ሱሪውን ወገብ እያጠበበ፣ እያጠበበ ሲለብስ ያየው ከመንገዱ ማዶ ያለው ሥጋ ሻጭ ነው።

ሥጋ ሻጩን ሰፈሩ ካራ ይለዋል። ቋሊማውን ራሱ ፈጭቶ፣ ራሱ ቀምሞ፣ ራሱ አንጀት ውስጥ ሞልቶ፣ ጫፍና ጫፏን በክር ቋጥሮ መስኮቱ ላይ የሚሰቅል፣ ሆዱ ከሱ ቀድሞ በር የሚገባ ሰው ነው። አንድ ቀን ጋሽ ኮሌታን ጠራና ሱሪህን ማጥበብ ትተህ ሆድህን አስፋ አለው። አንድ ጥቅል ቋሊማ አሸከመው፤ ትምህርቱንም እዚያው ሚዛኑ አጠገብ ሰጠው። ቋሊማ ጥድፊያ አትወድም። ቀዝቃዛ መጥበሻ ላይ አስተኝተህ፣ ውሃ ጠብ አድርገህላት ትከድናታለህ። ውሃው ሲያልቅ በገዛ ስቧ ትጠበሳለች፤ ያንተ ሥራ ማገላበጥ ብቻ ነው። ሹካ እንዳታስነካት፤ የወጋሃት እንደሆነ ወዟ ያመልጥና የጫማ ሶል ታኝካለህ። እሳት ካበዛህባት ደግሞ ትፈነዳለች።

"የስንቱን ጠባይ ልቻል" አለ ጋሽ ኮሌታ። "ይቺማ ከሟቿ ባሰች።"

"ሟቿ ናት አንተን የቻለችህ" አለው ካራ። "ይቺ አትችልህም።"

ቢሆንም ቻለችው። ጠዋት በስሱ ከትፎ ከእንቁላል ጋር ይመታታል። ሲያሻው ከጥቅል ጎመን ጋር ያበስላትና፣ ጎመኑ ስቡን ጠጥቶ እስኪልም ድረስ አፍንጫውን ክዳኑ ላይ ደግፎ ይጠብቃል። ፓስታ ያማረው ቀን በቲማቲም አድርጎ ላዩ ላይ ይደፋታል። የልቡ ግን የድስቷ ናት። መጀመሪያ ቋሊማዋን ይጠብሳል፤ ያንን በሌላ ሳህን አቆይቶ በቀረው ስብ ሽንኩርቱን ያለሰልሳል፤ ቲማቲም ይጨምራል፤ ከዚያ ትናንሽ ድንች ልጦ ሳይከትፍ ሙሉ ሙሉውን ይከትና፣ ቋሊማዋን መልሶ፣ ከድኖ፣ በለሆሳስ ያንተከትካል። ሽንኩርት ሲልጥ ዜማው ይመጣል፦

ሽንኩርት ነው እላለሁ ዓይኔ ሲያለቅስ፣
ምን ብዬ ልዋሽ ነው ሽንኩርቱ ሲጨረስ።

ይህን ብሎ አፍንጫውን ይጠርጋል። ከዚያ ሟቿን ረስቶ ለመጥበሻዋ ያዜማል። ሐዘን እውነት ነው፤ ረሃብም እውነት ነው፤ ሁለቱ አንድ ወጥ ቤት ሲገናኙ ቀድሞ የሚቀመጠው ረሃብ ነው።

አንድ ቀን ደንበኛ ከታች ተጣርቶበት እሳቱን ሳያሳንስ ወረደ። ሲመለስ ቋሊማዋ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተሰንጥቃ፣ አፏን ከፍታ ትስቅበታለች። ሌላ ሰው ቢሆን እንዲያው ይበላታል። ጋሽ ኮሌታ ግን የተተረተረ ስፌት አይቶ ማለፍ አይሆንለትም፤ ቀብር ላይ ሳይቀር ከፊቱ የቆመው ሐዘንተኛ ኮት ጀርባው ላይ ተተርትሮ አይቶ፣ ጸሎቱ እስኪያልቅ መታገሥ አቅቶት ያውቃል። እሳቱን አጠፋ፤ ቋሊማዋን አበረደ፤ ነጭ የጥጥ ክር ከነመርፌው ቀቀለ፤ ከዚያ መነጽሩን አድርጎ፣ ለሙሽራ ሱሪ በሚሰፋው በዚያ በማይታይ ስፌቱ፣ ከላይ እስከ ታች ሰፋት። መልሶ ጠበሳት። ያዘች። ጠብታ አላፈሰሰችም።

እዚህ ላይ ዝም ቢል ምንም ባልነበረ። እሱ ግን በሳህን ይዟት መንገድ ተሻግሮ ለካራ አሳየ። ካራ ሥጋ መስቀያውን ይዞ እስኪንፈራፈር ሳቀ። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። አንዱ መጥቶ ለዶሮ ሱፍ ትሰፋለህ ወይ ይለዋል፤ ልብስ አጣቢዋ ደግሞ ዓሣዬ ዚፕ ተበላሽቶበታል ብላ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ጋሽ ኮሌታ አልተቀየመም። መኪናውን እየረገጠ እንዲህ አለ፦

ኮት ስሰፋ ኖሬ ማን አጨበጨበ፣
ቋሊማ ብሰፋ ሰፈር ተሰበሰበ።

ወሬው እየዞረ ልጁ ጆሮ ደረሰ። ልጁ አንድ ናት፤ የጥርስ ሐኪም ረዳት ናት። አባት ኮሌታ እንደሚያይ እሷ ጥርስ ታያለች፤ ሰው ሲስቅላት ደስታው ሳይሆን ድዱ ነው የሚታያት። ባሏ ደግሞ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ነው፤ እሱ የሚታየው አደጋ ነው። አንድ ክፍል ሲገባ የት ሊንሸራተት፣ ምን ሊወድቅበትና ከየት እሳት ሊነሣ እንደሚችል ካላወቀ አይቀመጥም። ሦስቱ አንድ ገበታ ሲቀርቡ እርስ በርስ የሚተያይ የለም ማለት ነው።

ልጅቱ ከሰማች በኋላ እንቅልፍ አልወሰዳትም። አባቴ ብቻውን ቋሊማ እየሰፋ ነው የሚል ወሬ ልጅን የሚያሳስብ ወሬ ነው። ከባሏ ጋር መክራ፣ በቤታቸው ያለውን ትርፍ ክፍል ቀለም አስቀብታ መጣች። አባዬ ና፣ እኛ ጋ ኑር አለችው። መስኮት አለው፣ ሙቅ ነው፣ ደረጃ የለበትም አለችው። ጋሽ ኮሌታ ስለ ስፌት መኪናው ጠየቀ። እሱም ይመጣል ተባለ፤ ጩኸቱ ግንቡን አልፎ ጎረቤት ስለሚረብሽ ባይሠራበትም፣ ኮሪደሩ ላይ ቢቆምና የአበባ ማሰሮ ቢቀመጥበት ያምራል ተባለ።

የአበባ ማሰሮ። ጋሽ ኮሌታ ይህን ቃል ከሰማ ወዲህ መኪናው ፊት በተቀመጠ ቁጥር ላዩ ላይ ቅጠል ሲበቅል ይታየዋል። እሱ ራሱ የሚቀመጥበት ወንበር ላይም ውሃ የሚያጠጡት ይመስለዋል። አልሄድም አለ። ልጅቱ አለቀሰች። እሱም ሽንኩርት ሳይኖር አለቀሰ። በመጨረሻ ደረጃው ላይ ቆማ ነገሩን ቆረጠችው።

"አባዬ፣ አንድ ምሳ አብላን። አንተው በእጅህ የሠራኸውን። ራስህን የምትመግብ መሆንህን በዓይኔ ካየሁ ክፍሉን ሁለተኛ አላነሣብህም። ካላየሁ ግን እሑድ ዕለት ዕቃህን ጭነን አብረን ነው የምንሄደው።"

"የማመላለሻውን መኪና እኔ አዘጋጃለሁ" አለ ባሏ ከኋላ፣ የደረጃውን መደገፊያ እየነቀነቀ።

እሑድ መጣ። ካራ ከመስኮቱ ያማሩትን ቋሊማዎች መርጦ፣ እንደ ሙሽራ ልብስ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠው። ሲሰጠውም እጁን ይዞ፣ ዛሬ ምንም ብትሆን እንዳትሰፋት፣ ትፈንዳ፣ ፈንድታ ትበላ ብሎ አስማለው። ጋሽ ኮሌታ በሟቿ ማለ። ሟቿ እሱን ስለምታውቀው መሐላውን የተቀበለችው አይመስለኝም።

ሁሉም በወግ በወጉ ሄደ። ድንቹ ተልጦ፣ ታጥቦ፣ ከምድጃው በስተግራ በሳህን ተቀመጠ። መጥበሻው ቀዝቃዛ፣ ውሃው ጠብታ፣ ክዳኑ ልክ። ውሃው አለቀ፤ ስቡ መናገር ጀመረ፤ ጋሽ ኮሌታም በሁለት ጣት እያገላበጠ ለመናቸው፦

ቀስ ብለሽ ቅዪልኝ፣ ቀስ ብለሽ አብረቅርቂ፣
አማች ሊመጣ ነው፣ ዛሬን አትሳቂ።

በዚህ መሐል ከመንገድ የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ጋሽ ኮሌታ ወደ መስኮቱ ሄደ፤ አንዴ አይቶ ሊመለስ ነበር። አማቹ ከመኪናው ወረደ፤ ኮሌታው ግን ግማሹ ቆሞ ግማሹ ታጥፏል። አንዱ ክንፍ ወደ ሰማይ፣ አንዱ ወደ ምድር። ጋሽ ኮሌታ ዓይኑን መንቀል አቃተው። አሁን ይነካዋል፣ አሁን ያስተካክለዋል፣ ሚስቱ ትነግረዋለች እያለ ከመስኮቱ ጋር ተጣብቆ ቀረ። የማንም እጅ አልነካውም። ከኋላው ግን መጥበሻው "ጧ" አለ።

ከሁሉ ያማረችው፣ ለልጁ ያሰባት፣ ወገቧ ላይ ተተርትራለች። ካራ የነገረው ትዝ አለው፤ መሐላውም ትዝ አለው። ከዚያ ደረጃው ማጉረምረም ጀመረ። አማቹ ግን በየደረጃው ቆም እያለ የላላውን ሳንቃ በጫማው ስለሚፈትሽ፣ ለመውጣት ጊዜ እንደሚፈጅበት ጋሽ ኮሌታ ያውቃል። ከዚህ በላይ መጻፍ ለማያስፈልገው ሰው፣ አዎ፣ ሰፋት። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነከራት፤ የተቀቀለ ክር አጥቶ አያድርም ነበርና መርፌውን ከነክሩ ከመስኮቱ ደፍ አንሥቶ፣ ትንፋሹን ውጦ ሰፋት። ክሩን በጥርሱ በጠስ አደረገ። ያቺ ዓይን የማያስፈልጋት እጁም፣ ሳያይ ሳያስብ፣ ከነትራፊ ክሯ ወደ ግራ ሄደችና፣ ጭብጥ የምታህል፣ ክብ የሆነች ነገር አግኝታ መርፌዋን እስከ አንገቷ ሰካቻት። ከዚያ ሽንኩርቱ፣ ከዚያ ቲማቲሙ፣ ከዚያ በሳህን ያለው ድንች ሁሉ ተያይዞ ድስት ገባ። በሩ ተንኳኳ።

ድስቱ እስኪበስል እንግዶቹ ተቀመጡ። ልጅቱ የአባቷን ጥርስ አየች፤ አማቹ የጋዙን ጎማ፣ የምንጣፉን ጠርዝና የመስኮቱን መያዣ አየ። ጋሽ ኮሌታ ኮሌታውን እያየ ተሠቃየ። ከዚያ ድስቱ ወጣ፤ ሽታው ክፍሉን ሞላው፤ ለየሰው ተቀዳ። የተሰፋችዋን ለራሱ አስቀረ። ያኔ ነው የልጁ የእጅጌ ቁልፍ ላልቶ ሲወዛወዝ ያየው። ላጥብቅልሽ ብሎ መርፌ ፍለጋ ወደ መስኮቱ ደፍ ሄደ። የክሩ ጥቅል አለ። መርፌዋ የለችም።

ኮቱ ደረት ላይ ፈለጋት፤ የለችም። መሬት አየ፤ የለችም። የጠፋች መርፌ መቼም አንድ ሰው ዘንድ ናት ያሉት ሽማግሌ ከመቃብር ተነሥተው ጆሮው ሥር ቆሙ። አንድ ሰው ማለት ደግሞ ዛሬ ሦስት ሰው ነው፤ ሦስቱም ሹካ ይዘዋል።

ጨው ረሳሁ ብሎ ወደ ሱቁ ወረደ፤ ጨው ሱቅ ውስጥ ኖሮ አያውቅም። ሲመለስ የወደቀ መርፌ የሚለቅምበትን፣ የፈረስ ጫማ የሚመስለውን ማግኔት በመሐረብ ሸፍኖ ይዞ፣ በየሰው ሳህን ቋሊማ ላይ ቀስ ብሎ ያዞረው ጀመር። አማቹ ሹካውን አየር ላይ አቁሞ ምን እያደረጉ ነው አባባ ብሎ ጠየቀ።

"ሥጋ ውስጥ ብረት አለ ይላሉ ሐኪሞች" አለ ጋሽ ኮሌታ ፊቱን ሳያዞር። "ከበዛ ለናንተ ብዬ ነው።"

አማቹ ነገሩን ከልቡ አሰበበት። ማንኛውም ነገር ሲበዛ እንደሚጎዳ ስለሚያውቅ፣ ጥንቃቄ መቼም ክፉ አይደለም አለ። ልጅቱ ግን የአባቷን ግንባር አየች። ላብ በላብ ሆኗል።

ማግኔቱ ምንም አላነሣም። ጋሽ ኮሌታ ቢላ አንሥቶ የሁለቱንም ቋሊማ እንደ ሳንቲም አድርጎ በስሱ ከተፈላቸው፤ እኛ ጥርስ አለን እኮ አባዬ ቢባል ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። የራሱን፣ የተሰፋችዋን፣ በምላሱ እየዳሰሰ በላት። ከጥርሱ መሐል የወጣው ክር ብቻ ነው። ቋሊማዎቹ ውስጥ ከሌለች ድስቱ ውስጥ ናት። ድስቱ ደግሞ ሰዎቹ ሆድ እየገባ ነው።

የሚያሳዝነው ምሳው ግሩም መሆኑ ነው። አማቹ ደገመ። መረቁን በዳቦ ጠረገና፣ እውነቱን ለመናገር በዚህ ዓመት እንዲህ ያለ ምግብ አልበላሁም፣ ስለ ክፍሉ ያልነውን ነገር እንደገና ማሰብ ሳይኖርብን አይቀርም አለ። ጋሽ ኮሌታ ይህን ሲሰማ ስፌት መኪናው ላይ የበቀለው አበባ ሲረግፍ ታየው። ዝም ቢል ቤቱ ቤቱ ነው። ዝም ማለት ብቻ። አማቹ ለሌላ ድንች እጁን ዘረጋ፤ ልጁም ሹካዋን አነሣች።

ጋሽ ኮሌታ ተነሣና በእጁ የአማቹን ሳህን ከደነው።

"አትብሉ" አለ። "አንቺም ልጄ፣ አስቀምጪው። መርፌ ጠፍታብኛለች።"

በዚያው ቅጽበት የልጅቱ ሹካ ድንች ውስጥ ገብቶ "ቲክ" አለ። ብረት ከብረት ጋር ሲነካካ ስትሰማ የምትውል ሴት ናት፤ ሁለተኛ መስማት አላስፈለጋትም። ድንቹን ገለጥ አደረገችው። መርፌዋ ከነክሯ፣ እስከ አንገቷ፣ በሥርዓት ተሰክታለች። ልጅቱ አባቷን አየች። አባት ልጁን አየ፤ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ የሰው ፊት ሲያይ ኮሌታውን ዘለለ። ከዚያ በሁለት ጣቷ፣ ሕመምተኛው ሳይነቃ የተሰበረ የጥርስ ሥር እንደሚነቀል፣ ሳብ አደረገቻት፤ ጠረገቻት፤ ከኮሌታዋ ሥር ሰካቻት።

"እኔ ጋ ናት አባዬ" አለች። "ቁጭ በል።"

ባሏ ዓይኑ በተከደነው ሳህኑ ላይ ስለነበር ነገሩ አልገባውም። ልብስ ሰፊ መርፌ ከጠፋበት ገበታ ያቋርጣል፣ የሙያው ሕግ ነው አለችው። እሱም ሕግ ስለሚወድ፣ መልካም ሕግ ነው ብሎ ድንቹን ቀጠለ።

ሳህኑን ይዛ ወጥ ቤት ስትገባ አባቷ ተከተላት። ጭንቅላቱን ደፍቶ፣ ዕቃዬን ልሰብስብ፣ ማሰሮውንም አበባውንም አምጡት አላት። አርጅቻለሁ፣ ልገድላችሁ ነበር አላት።

ልጅቱ መጀመሪያ ሳህኑን አስቀመጠች። ከዚያ መሳቅ ጀመረች፤ ባሏ እንዳይሰማ እጅጌዋን ነክሳ ሳቀች። ልጅ ሳለች ከዳቦዋ ውስጥ መርፌ እንዳወጣች ነገረችው። ከሳሙና ውስጥ፣ ከአሻንጉሊቷ ሆድ፣ አንዴም ለልደቷ ከተገዛው ኬክ ውስጥ። እናቷ ሰርክ ምግብ ሲቀርብ ቀድማ በሹካ ትፈትሽ ነበር፤ ወጥ ቤትም ያላስገባችው ለዚሁ ነው። እሱ እንዳይሰማው ብለው ሁለቱ ተማክረው ይደብቁትና፣ ሱቁ ሳይዘጋ መርፌዋን ትራሷ ላይ ይመልሱ ነበር። ኮሌታ ሥር መሰካትን ያስተማረቻት እናቷ ናት።

"እኔ የመጣሁት አባቴ ተለወጠ ብዬ ሰግቼ ነው" አለች። "ያረጀ ሰው አዲስ ጥፋት ያመጣል። ያንተ ያው የድሮው ነው።"

"እና ልሂድ አልሂድ?"

"የት ትሄዳለህ? እኔ ቤት ድንች አለ።"

ከዚያ ደረጃውን ወርዳ መርፌ መሰኪያውን፣ እናቷ የሰፋቻትን ያቺን ትራስ፣ ከመኪናው አጠገብ አንሥታ አመጣች። ከምድጃው በስተግራ ሚስማር መትታ ሰቀለቻት። ለሱቅህ ሌላ ስፋ፣ መቼም አታቅትህም አለችው። ባሏ ድምፁን ሰምቶ ብቅ አለና፣ ምድጃ አጠገብ ጨርቅ መስቀል ለእሳት ያጋልጣል ብሎ አስጠነቀቀ። ትንሽ ራቅ አድርጋ፣ ግን እጅ ከምትደርስበት ሳታርቅ፣ ሚስማሩን ቀየረችው። እሱም ክፍሉ በከንቱ ቀለም መቀባቱን አንሥቶ አዘነ። ልብስ ማድረቂያ ይሁን ተባለ።

ሊሄዱ ሲነሡ ጋሽ ኮሌታ አማቹን በር ላይ አስቆመውና፣ ከመጡ ጀምሮ ያቃጠለውን ያንን የቆመ ኮሌታ በሁለት እጁ አጥፎ፣ መታ መታ አድርጎ አስተኛው። አማቹ ነገሩ ፍቅር መስሎት ዓይኑ እንባ አቀረረ። ጋሽ ኮሌታም ይሁንለት ብሎ ሸኘው።

ካራ ከማዶ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ሰፋሃት ወይስ አልሰፋሃትም ብሎ ጮኸበት። ጋሽ ኮሌታ ከጥርሱ መሐል የቀረችውን ክር መዝዞ አወጣና አሳየው። ካራ ጭንቅላቱን ይዞ ወደ ሱቁ ገባ።

መኪናው መታጠፊያው ላይ ሲሰወር ጋሽ ኮሌታ ልጁ መርፌዋን ከኮሌታዋ ሥር እንደሰካች መሄዷ ትዝ አለው። ጠርቶ ሊመልሳት አፉን ከፈተ፤ ተወው። የሽማግሌውን ሕግ ሳይጥስ ኖሮ፣ ያን ቀን መርፌ ጎድሎት ሱቁን ዘጋ።